ከከተማ ዳር የተነሣን የቴክኖሎጂ ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም በኩል ወደ ሥራ እንዴት ማድረስ ይቻላል?

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የኮንዶሚኒየም መንደሮችና የአርሶ አደር ማሳዎች ተጎራብተው ይገኛሉ። ወደ አቃቂና ቃሊቲ ወረድ ሲሉ ደግሞ ፋብሪካዎች፣ የብረታ ብረት ወርክሾፖችና ጋራዦች አሉ። ለቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪ ይህ ቅርበት ትልቅ ሀብት ነው፤ ችግሩን፣ ችግሩን የሚያውቀውን ሰውና መፍትሔው የሚሠራበትን ላቦራቶሪ በግማሽ ቀን ማዳረስ ይቻላልና። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲን የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም የሚመለከቱት እንደ ውድድርና ሽልማት መድረክ ብቻ ነው። ከሽልማቱ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም ትክክለኛ ሰዎችን ማግኘት፣ በግል የማይገዛ መሣሪያ መጠቀምና ከመነሻው በግልጽ ውል መሥራት ነው፤ ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድም ወደዚያ የሚያደርስ ነው።

የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ይለዩ

የሥራ ፈጠራ ድጋፍ በሚል ስም የሚጠሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ትምህርቱ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ፈጠራ ትምህርት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከሚሰጡት የጋራ ኮርሶች አንዱ ሲሆን፣ የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀትን ያስተምራል እንጂ የሥራ ቦታም ሆነ ገንዘብ አይሰጥም። ሌላው አጭር ሥልጠና ነው። በ2005 ዓ.ም. እንደ ማዕከል ተቋቁሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም የሚጠቀምበት ኤምፕሬቴክ የተሰኘው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ሥልጠና ስድስት ቀን የሚወስድ ሲሆን፣ ትኩረቱ በሠልጣኙ ባሕርይ ላይ ነው፤ ዕድልን መሻትን፣ ቃልን መጠበቅን፣ አስልቶ መድፈርን የመሳሰሉትን ያሠለጥናል። የኢንኩቤሽን ማዕከል ደግሞ ሐሳባቸው ተመዝኖ ለተመረጡ ቡድኖች ለተወሰኑ ወራት የሥራ ቦታ፣ ኢንተርኔትና አማካሪ፣ አንዳንዴም የመነሻ ገንዘብ ያቀርባል።

በእኔ እምነት ያለ አግባብ የተዘነጋው አራተኛው በር ነው፤ እርሱም የዩኒቨርሲቲውን የኢንዱስትሪ ትስስርና የቴክኖሎጂ ሽግግር ሥራ የሚመራው ክፍል ነው። የፋብሪካ የምርት ኃላፊን ለማነጋገር ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ክፍል የሚጻፍ አንድ የትብብር ደብዳቤ ብዙ የጥበቃ በሮችን ያስከፍታል። ተማሪ ያልሆነ የአካባቢው ወጣትም ከመቅረት ይልቅ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል፤ ለውጭ ሰው ቦታ ከሌለ ከተማሪ ጋር በቡድን ማመልከት ይቻል እንደሆነ ያጣራ።

ከማመልከቻው በፊት ሰፈሩን ይጠይቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2011 የጀመረው አይ-ኮርፕስ የተባለ ፕሮግራም፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ቡድኖች በሰባት ሳምንት ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ደንበኛ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎችን በአካል እንዲያነጋግሩ ያደርግ ነበር። ይህን ለማድረግ ላቦራቶሪም ሆነ ዶላር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እግርና ትዕግሥት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት የኮንዶሚኒየም መንደር የሚኖሩ ተማሪዎች በሮቶ ውስጥ የቀረውን ውኃ ለክቶ በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ መሣሪያ ለመሥራት ያስባሉ እንበል። ነዋሪዎችን ቢያነጋግሩ የሚቸገረው ነዋሪው መሆኑን ይረዳሉ። ጥቂት ወደ ፊት ቢገፉ ግን የጋራ ታንከሩንና ፓምፑን የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ሊሆን እንደሚችል፣ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ጥበቃው እንደሆነ፣ ገንዘብ የሚወጣውም በስብሰባ ተወስኖ እንደሆነ ሊያገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ መሣሪያው ለማን እንደሚሸጥ፣ መልእክቱ ወደ ማን ስልክ እንደሚሄድና ዋጋው ከየትኛው መዋጮ ጋር እንደሚነጻጸር ሁሉ ይለወጣል። ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ ሳለ ነጻ ነው፤ መቶ መሣሪያ ከተሠራ በኋላ ከሆነ ግን ሥራውን ሊያዘጋ ይችላል።

የአጠያየቅ ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። እኛ ዘንድ ወጣት ልጅ ሐሳቡን ሲያስረዳ ታላቅ የሆነ ሰው «ጎበዝ፣ በርቱ» ይላል እንጂ ፊት ለፊት አያስቀይምም፤ «ቢሠራ ይገዙታል?» ተብሎ ሲጠየቅም በይሉኝታ «እንዴታ!» ይላል። ስለዚህ ስለ ወደፊቱ ሳይሆን ስላለፈው ይጠይቁ፤ ባለፈው ጊዜ ውኃው ሲያልቅ ምን አደረጉ፣ ቦቴ አስመጡ ወይስ በጀሪካን አስቀዱ፣ ስንት ከፈሉ፣ ማን ከፈለ? መልሱን በዕለቱ በማስታወሻ ደብተር ያስፍሩ። ማኅበሩ ለሙከራ አንድ ታንከር ለመፍቀድ በማኅተም ደብዳቤ ከሰጠ፣ ይህ ደብዳቤ በማመልከቻው ውስጥ ከማናቸውም የገበያ ትንተና የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

ቡድንና ማመልከቻ

አራት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የተሰባሰቡበት ቡድን ብዙውን ጊዜ ሻጭ ያጣል። አንድ መሣሪያውን የሚሠራ፣ አንድ ደንበኛ ዘንድ የሚመላለስና ሒሳብ የሚይዝ፣ ከዚያም በዘርፉ የሠራ አንድ አማካሪ ቢኖሩ ለመጀመር ይበቃል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ያነጋገሯቸውን ሰዎች ብዛት፣ የተማሩትን ነገርና ከፕሮግራሙ የሚፈልጉትን ለይቶ ይግለጽ። «ድጋፍ እንፈልጋለን» ከማለት «የሰርኪዩት መሥሪያ ወርክሾፑን በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንፈልጋለን» ማለት ለሰጪውም ይቀላል።

የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ሰው ጊዜውን ከትምህርት መርሐ ግብሩ ጋር ቢያስማማ ብዙ ይጠቀማል። የአንድ ሴሚስተር የተግባር ልምምዱን ችግሩ በሚታይበት ፋብሪካ ወይም ድርጅት ቢያደርግና የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለዚያው ችግር መፍትሔ ቢያውለው፣ አማካሪ መምህርና ላቦራቶሪ ያለ ተጨማሪ ልመና ያገኛል። ይህ ካልተደረገ ጥሩ ጥሩ የመመረቂያ ሥራዎች ተጠርዘው መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ ይህም በእውነት የሚያሳዝን ብክነት ነው።

የባለቤትነትን ጉዳይ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ይጨርሱ

በዩኒቨርሲቲ መሣሪያና በመምህር ምክር የተሠራ ፈጠራ የማን ነው? በዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። የጉግል መሥራቾች የፍለጋ ዘዴያቸውን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ በመፍጠራቸው ፓተንቱ፣ ማለትም ለፈጠራ የሚሰጠው የባለቤትነት መብት፣ የዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ስታንፎርድም ለፈቃዱ በምትኩ 1.8 ሚሊዮን ያህል የኩባንያውን አክሲዮኖች አግኝቶ፣ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2005 በ336 ሚሊዮን ዶላር ሸጧቸዋል። በካናዳ የሚገኘው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ መብቱን በመርሕ ደረጃ ለፈጣሪው ይተዋል። ሁለቱም ብዙ ኩባንያዎችን አፍርተዋል፤ የሚጎዳው ደንቡ ሳይታወቅ መሥራት ነው። ስለዚህ ወደ ፕሮግራሙ ሲገቡ የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተማሪውን፣ የመምህሩንና የተቋሙን ድርሻ የሚገልጽ አጭር ስምምነትም ይፈራረሙ። መምህሩ ተቀጣሪ በመሆኑ የእርሱ ሁኔታ ከተማሪው ሊለይ እንደሚችል አይዘንጉ።

በአገራችን ሕግ ፓተንት የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ሲሆን፣ ዘመኑ 15 ዓመት ሆኖ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራም የተለየ የምስክር ወረቀት አለ፤ ለሮቶ መለኪያ ዓይነት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው ይህኛው ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን በዚህ አዋጅ ፓተንት አያሰጥም፤ ጥበቃ የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ቅጂ መብት ሥራ ሲሆን፣ መብቱም ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይጸናል። መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ሳያውቁ ፓተንት ፍለጋ ሲንከራተቱ ይታያሉ። መሣሪያ የሚሠሩት ደግሞ በኤግዚቢሽን ላይ ዝርዝሩን ከማሳየታቸው በፊት ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጎራ ብለው ቢያማክሩ መልካም ነው፤ ለሕዝብ ይፋ የሆነ ፈጠራ አዲስነቱ ሊያጠያይቅ ይችላልና።

ናሙናውን በእውነተኛው ቦታ ይፈትኑ

ናሙናው በላቦራቶሪ መሥራቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ዝናብና አቧራ ቢገባበትስ? የተቃጠለ ክፍል ከመርካቶ ሱቆች ሊተካ ይችላል ወይስ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል? የመጨረሻው ጥያቄ የዕቃ ምርጫን ሊወስን ይገባል፤ ለአንድ ሴንሰር ሲባል ሥራውን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ላይ ማንጠልጠል አይመከርም። የጥገና መመሪያውንም ፓምፑን የሚያበራው ጥበቃ ራሱ ሊረዳው በሚችል መልኩ በአማርኛና እንደ አካባቢው በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ድርጅቱን ማቋቋምና ከፕሮግራሙ መውጣት

ገዢ ከተገኘ ድርጅት ማቋቋም ይገባል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ፣ ለምዝገባ ሲባል ብቻ የማይሠራ ዘመድን በአባልነት ማስገባት አያስፈልግም። የሚሠሩ ጓደኞች ካሉ ደግሞ ድርሻቸውን፣ አንዱ ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ድርሻው ምን እንደሚሆንም ጭምር፣ በመመሥረቻ ጽሑፉ ያስፍሩ። የደንበኞችን ስልክና አድራሻ የሚይዝ ሥራ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ ግዴታ ነው።

ከፕሮግራሙ የሚወጡበት ቀን ሳይደርስ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፤ ከምረቃ በኋላ ወርክሾፑን በክፍያም ቢሆን ለመጠቀም የሚያስችል የጽሑፍ ፈቃድ፣ በፕሮግራሙ የተከናወነውን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እንዲሁም ከእርስዎ በኋላ የሚገቡ ተማሪዎችን በተግባር ልምምድ ለመቀበል የሚያስችል ስምምነት። ሦስተኛው ለዩኒቨርሲቲውም ጥቅም ስላለው ብዙውን ጊዜ አያከራክርም፤ ለጀማሪው ድርጅት ደግሞ በየዓመቱ የሠለጠነ ረዳት ያመጣለታል።