ሪፖርቱ ያማረ፣ ልጁ ያላነበበ፦ የትምህርት ቤት መርሐ ግብር ሲገመገም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሰኔ ወር ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚገቡትን ሪፖርቶች ያነበበ ሰው በአገራችን ያልተሳካ መርሐ ግብር የለም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የማጠናከሪያ ትምህርት ተሰጥቷል፤ የንባብ ክበብ ተቋቁሟል፤ ወላጆች ተወያይተዋል፤ አፈጻጸሙም ከዘጠና በመቶ በላይ ነው። አብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም መርሐ ግብሩ ባይኖር ልጆቹ ዛሬ የት ይሆኑ ነበር ለሚለው ጥያቄ ከገጾቹ ሁሉ መልስ አይገኝም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ጥያቄ ከመሸሽ የሚመጡ ናቸው።

የተሠራውን እንደ ውጤት መቁጠር

ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። ስንት መጽሐፍ ተሠራጨ፣ ስንት መምህር ሠለጠነ፣ ስንት ክፍል ተገነባ ይባላል። ቁጥሮቹ የወጣውን ገንዘብና ድካም ያሳያሉ፤ ተማሪው ዘንድ ምን እንደ ደረሰ ግን አይናገሩም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ፕላዝማ የገባላቸው ክፍሎች ብዛት የሚያኮራ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ያየው ሌላ ነው፦ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ማስታወሻው ሳይጻፍ ምስሉ ያልፋል፤ የክፍሉ መምህር ደግሞ ሥርጭቱን አቁሞ ማስረዳት አይችልም። ተከላውን ብቻ የቆጠረ ገምጋሚ ይህን ከየት ያገኘዋል? አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እንዲያግዝ የሚመደብበት የ«አንድ ለአምስት» የጥናት ቡድንም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር። የቡድኖቹ ስም ዝርዝር በወቅቱ ተሞልቶ ይላክ ነበር፤ ልጆቹ አብረው ምን እንዳጠኑ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነበር።

መነሻውን ሳይለኩ መጀመር

ይህን ለማረም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የንባብ መርሐ ግብር የሚጀምር ትምህርት ቤት በመስከረም ከየክፍሉ ጥቂት ልጆችን በዕጣ መርጦ፣ አንድ አጭር ምንባብ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርጎ፣ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበቡ መመዝገብ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሦ ያህሉ ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ያወቅነውም በእርሱ ነው። ልጆቹ ግን በየሴሚስተሩ በሮስተር (በክፍሉ የውጤት መዝገብ) ላይ ውጤት ሲሰጣቸው የቆዩ ናቸው።

ፊትና ኋላን ብቻ ማወዳደር

መነሻ መለካት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ልጅ ከመስከረም እስከ ሰኔ ምንም የተለየ ነገር ባይደረግለትም አንድ ነገር መማሩ አይቀርም። በሰኔ የታየውን ጭማሪ ሁሉ ለአዲሱ መርሐ ግብር መስጠት የመደበኛውን መምህር ድካም መንጠቅ ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። ወረዳው ባለፈው ዓመት በስምንተኛ ክፍል ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ትምህርት ቤቶች ይመርጥና የቅዳሜ ማጠናከሪያ ያስጀምራቸዋል። በዓመቱ ውጤታቸው ከፍ ይላል፤ ጭብጨባ ይሆናል። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ከታች የሚገኘው ግን በትምህርቱ ድክመት ብቻ አይደለም። የሒሳብ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ተዛውሮ ይሆናል፤ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ደከም ያሉ ይሆናሉ፤ በአካባቢው ጸጥታ ጠፍቶ ክፍለ ጊዜ ባክኖ ይሆናል። ክፉ አጋጣሚ በየዓመቱ ስለማይደገም ውጤቱ ማንም ባይነካውም ወደ ቀድሞው ቦታ ከፍ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። በተቃራኒው፣ የተሸለሙት ትምህርት ቤቶች በዓመቱ ዝቅ ሲሉ «ሽልማት አዘናጋቸው» ይባላል። እነርሱም ቢሆኑ ያው ወደ መካከለኛ ቦታቸው መመለሳቸው ነው።

መፍትሔው ተመሳሳይ ሆነው መርሐ ግብሩ ያልደረሳቸውን ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን መለካት ነው። ልጆችን ለጥናት ብሎ መከልከል ነውር ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ ነገር ግን በጀት ለሁሉም በአንድ ጊዜ በቅቶ አያውቅም። ተራውን ባለሥልጣን በፈቀደው ሳይሆን በዕጣ ማውጣት ፍትሐዊም ነው፣ ለግምገማም ይመቻል። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ የተሠራው የአንጀት ትላትል ሕክምና ጥናት እንዲህ ነበር። ሰባ አምስት ትምህርት ቤቶች በሦስት ተከፍለው መድኃኒቱ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየተራ ደረሳቸው። ከትምህርት ገበታ መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። መድኃኒቱ ባልደረሳቸው ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ሳይቀር የትላትሉ ሥርጭት ቀንሶ ተገኘ፤ ስለዚህ ለማወዳደሪያ የሚመረጠው ትምህርት ቤት በጣም ቅርብ ከሆነ የመርሐ ግብሩ ጥቅም ተደብቆ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። የፈተና ውጤትስ? በዚያ ጥናት አልተለወጠም። ይህ ወደሚቀጥለው ያደርሰናል።

ከመርሐ ግብሩ የማይጠበቀውን መጠበቅ

የትምህርት ቤት ምገባን እንውሰድ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ምገባው በሰፊው ሲሰጥ ቆይቷል። ምግብ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ያመጣዋል፤ ረኃብ እንዳያፈዝዘውም ያደርጋል። ክፍልፋይ አያስተምረውም። ምገባን በፈተና ውጤት ብቻ መዝኖ «አልሠራም» ማለት ስህተት ነው፤ ቁርስ ስለ በላ ብቻ ውጤቱ ይጨምራል ብሎ ማወጅም እንዲሁ። እንዲያውም ምገባ በተጀመረበት ትምህርት ቤት የክፍሉ አማካይ ውጤት ዝቅ ቢል አልደነግጥም። በዓመቱ አጋማሽ ያቋርጡ የነበሩት ደካማ ተማሪዎች አሁን ሰኔ ላይ ተፈታኝ ሆነዋልና።

ምዝገባም በጥንቃቄ ይታይ። በገጠር ቀበሌ አንዱ ትምህርት ቤት ምግብ ሲሰጥ የአጎራባቹ ልጆች መልቀቂያ ይዘው ወደዚያ ይሻገራሉ። በአንዱ የተጨመረው ከሌላው የጎደለ ነውና ሁለቱን አብሮ ያልቆጠረ ሰው ባልተገኘ ልጅ ይደሰታል። የክትትል ቀኑም እንዲሁ ነው። በጥቅምት የተጠራ ስምና በኅዳር ማለቂያ፣ አጨዳ በደረሰበት ወቅት የተጠራ ስም አይወዳደሩም። የገበያ ቀንንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሚዛኑ ሲለወጥ አለማስተዋል

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት ማስተማር በድንገት ወደቀ? መኮራረጅና የፈተና ስርቆት ሲከለከል የቆየ ጉድ ተገለጠ ማለት ይቀላል። በዚያው ዓመት አዲስ ነገር የጀመረ ትምህርት ቤት ግን ውጤቱን ካለፈው ዓመት ጋር ቢያወዳድር መርሐ ግብሩን ያለጥፋቱ በኮነነው ነበር። በመጀመሪያ ክፍሎች ልጅን ያለማስደገም አሠራርም የመድገም ምጣኔን በመመሪያ ይቀንሳል። ያንን ቅናሽ እንደ ትምህርት ጥራት ማቅረብ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ማታለል ነው።

በአማካይ መርካት

በኬንያ የመማሪያ መጻሕፍት የታደሉባቸው ትምህርት ቤቶች ሲጠኑ አማካይ ውጤት አልጨመረም፤ ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ግን ተጠቅመው ተገኙ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ብዙዎቹ ልጆች ሊያነቧቸው አልቻሉም። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «መጽሐፍ አይጠቅምም» ብሎ ይሄዳል። እኛም ዘንድ ሴቶችና ወንዶች፣ የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ የሚማርና የማይማር ተለይተው መታየት አለባቸው።

ያቋረጡትንም አንርሳ። በመስከረም ስድሳ ሆኖ በሰኔ አርባ አምስት የቀረ ክፍል አማካዩ ቢያድግ ያደገው አሥራ አምስቱ ስለወጡ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።

የምስጋናን ቃል እንደ ማስረጃ መውሰድ

እንግዳ መጥቶ፣ ርዕሰ መምህሩ ባለበት፣ «መርሐ ግብሩ ጠቅሟችኋል?» ብሎ ወላጅን ቢጠይቅ መልሱ ይታወቃል፦ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይቀጥልልን»። ይሉኝታው አለ፤ አንገራግራለሁ ብል ይቀርብኛል የሚል ፍርሃትም አለ። ለትውልድ ቀያቸው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚያሠሩ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች በዚህ ብዙ ይታለላሉ፤ የምረቃው ቪዲዮ ይደርሳቸዋል፣ በሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚከፈት ግን አይነገራቸውም። ሥራውን የመራው ሰው ራሱ ገምጋሚ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቢያንስ የሌላ ክላስተር (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር ይምጣ፤ ቀጠሮም አይያዝ።

አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ የሆነውን መጠየቅ ይሻላል። እናትየውን «ልጅዎ ባለፈው ሳምንት በየትኞቹ ቀናት ቀረ? ምን ሲሠራ ዋለ?» ይበሏት። ልጁን ከቤተ መጻሕፍቱ መጨረሻ የተዋሰውን መጽሐፍ ታሪክ ያስተርኩት። የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡንም ገልጠው የመጨረሻው ፊርማ በየትኛው ወር እንደ ተፈረመ ይመልከቱ።