የካያክ ቦታን በችሎታ ልክ መምረጥ፦ ከጸጥተኛ ሰላጤ እስከ ክፍት ባሕር

ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ የሚቀዘፍበት የባሕር ዳርቻ ሲፈለግ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው የውሃውን ጥራትና የአካባቢውን ውበት ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ እዚህ ብገለበጥ ነፋሱና ጅረቱ (የባሕሩ ውሃ ፍሰት) ወዴት ይወስዱኛል? መልሱ «ወደ አሸዋው» ከሆነ ቦታው ለጀማሪ ይሆናል። «ወደ ገደሉ» ወይም «ወደ መሀል ባሕር» ከሆነ ግን ውሃው የቱንም ያህል ቢረጋ ለጀማሪ አይሆንም።

ለጀማሪ የሚመቸው በየብስ የታቀፈ ትንሽ ሰላጤ ነው። ዳርቻው አሸዋማ፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅና በየትኛውም በኩል መውጫ ያለው ይሁን። ነፋሱ ከ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አይብለጥ፤ አነፋፈሱም ከባሕር ወደ የብስ ይሁን። የነፋስ መለኪያ ከሌላችሁ ውሃውን እዩ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብልጭ ካለ ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ነው፤ አረፋው ከበዛ 11 አልፏል፣ ጀማሪም መግባት የለበትም። ከዳር ከ100 ሜትር ሳይርቁ ዳርቻውን ይዞ መቅዘፍ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበቂ በላይ ነው። የወንዝ መግቢያና የወደብ አፍ ግን፣ ጠባብና የተከለለ ቢመስሉም፣ ጅረትና የሞተር ጀልባ ስለሚበዛባቸው ይቅሩ።

ሰውን አብዝቶ የሚያታልለው ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ኮረብታው ወይም ዛፉ ስለሚከልለው ዳር ላይ ለቆመ ሰው ውሃው መስታወት ይመስላል። 300 ሜትር ገባ ሲሉ ግን ነፋሱ ከጀርባ ይገፋል፤ መቅዘፉም ደስ የሚል ቅለት ይኖረዋል። ችግሩ የሚታወቀው ለመመለስ ሲዞሩ ነው። በአየር የሚነፋ ካያክ ቀላልና ከውሃው በላይ ብዙ የሚቆም ስለሆነ በዚህ ነፋስ ከሁሉም የከፋ ነው። ስለዚህ የአሸዋውን ጫፍ ሳይሆን ራቅ ያለውን ውሃ ተመልከቱ፤ እዚያ አረፋ ካለ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ሰዓት ፈልጉ።

ያው ዳርቻ በሰዓታት ልዩነት ሌላ ቦታ ይሆናል፤ ምክንያቱ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ገደማ በሚፈጅበት ባሕር ውሃው በእኩል ፍጥነት አይወርድም። ቀዛፊዎች በሙላትና በጉድለት መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለ12 ከፍለው ያሰሉታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1። ልዩነቱ 6 ሜትር ከሆነ በሁለቱ መሀል ሰዓታት ብቻ 3 ሜትር ውሃ ይንቀሳቀሳል፤ ጅረቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ያኔ ነው። ጀማሪ በረጋ ውሃ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀዝፍ የ2 ኖት ጅረት 3.7 ኪሎ ሜትሩን ይበላበታል፤ አንድ ሰዓት ለፍቶ የሚያገኘው 300 ሜትር ነው። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ለልምምድ ግማሽ ጨረቃ አካባቢ ያሉት ቀናት ይሻላሉ። ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ማየት ግዴታ ነው።

መካከለኛ ቀዛፊ የሚባለው ረጅም ርቀት የሄደ ሳይሆን ተገልብጦ በጥልቅ ውሃ ላይ ብቻውንም በጓደኛ እርዳታም ተመልሶ መቀመጥ የሚችል ነው። ይህን ካልተለማመደ ደረጃው ጀማሪ ነው፤ የክንድ ጉልበት አይተካውም። ለመካከለኛው ቀዛፊ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለ ርቀት መውጫ ያለው፣ ነፋሱ ከ16 ኖት፣ ጅረቱም ከ2 ኖት የማይበልጥ ዳርቻ ይስማማዋል። ጉዞውን ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠሙ መጀመር ነው፤ ሲደክም ነፋሱ ወደ መነሻው ያግዛል።

ገደላማ ዳርቻ፣ ወደ ባሕር የሾለ የመሬት ጫፍና በደሴቶች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ለልምድ ባለቤቶች ነው። ገደል ሞገዱን መልሶ ስለሚልከው ሂያጁና ተመላሹ ተጋጭተው ውሃውን ያለ አቅጣጫ ያዘልሉታል፤ ከግድግዳው ራቅ ሲሉ ውሃው ይረጋጋል። በመሬት ጫፍና በጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ጅረቱ ይፈጥናል። ነፋሱ ጅረቱን ፊት ለፊት ከገጠመው በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት ያጥርና ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ከሰዓታት በፊት በሰላም ያለፉበት ጫፍ ጅረቱ አቅጣጫ ሲቀይር የማይታለፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ ጅረቱ ዞሮ ለአፍታ በሚረጋበት ሰዓት ይታለፋል።

ልብሳችሁን ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበሱ። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ በድንገት የገባበት ሰው ያለ ፈቃዱ እያለከለከ ውሃ ሊስብ ይችላል፤ ፀሐይ መኖሩ ይህን አያስቀርም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ የመዋኛ ልብስ ብቻ ለለበሰ ሰው፣ ቦታው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይቆጠር። የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን በየትኛውም ቦታ አይወልቅም።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ካያኩን ከማውረዳችሁ በፊት 15 ደቂቃ ቆማችሁ ሞገዱን ተመልከቱ። ትላልቆቹ ተራ ጠብቀው ተከታትለው ስለሚመጡ የ2 ደቂቃ እይታ ይሸውዳል። ሞገዱ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ እየፈረሰ የሚመጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ዳሩ ድረስ መጥቶ በአንድ ጊዜ ከተከነበለ የባሕሩ ወለል ቀጥ ያለ ነው፤ እዚያ መግባት ይቻል ይሆናል፣ ሲወጡ ግን ካያኩን አሸዋው ላይ ያፈርጠዋል፣ ሰውም ይጎዳል። የምትመለሱበት ሰዓት ውሃው የጎደለበት ከሆነ ደግሞ ጠዋት ከመኪናው 10 እርምጃ የነበረው ዳር ማታ ጭቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድማችሁ በዚያው የጉድለት ደረጃ ሄዳችሁ መውጫውን በእግራችሁ ፈትሹት።