ዲዋሊ ዘንድሮ መቼ ይውላል?

ህንድ ውስጥ የበዓል ቀን ማስላት የፈለገ ሰው አስቀድሞ በዓሉ የፀሐይ ይሁን የጨረቃ ይለይ። ማካር ሳንክራንቲ የተባለው የመከር በዓል የፀሐይ ነው፤ ከጃንዋሪ 14 ወይም 15 ብዙም አይርቅም። እርሱን ተዉት፤ አያስቸግርም።

ጣጣው ያለው ከጨረቃዋ ዘንድ ነው። የቀለም በዓል የሆነው ሆሊ ሙሉ ጨረቃን፣ የብርሃን በዓል የሆነው ዲዋሊ ደግሞ ጨረቃ የማትታይበትን ሌሊት ይከተላል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሆኑ፣ በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላሉ። በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ ፀሐይ ወደ አዲስ የኮከብ ክፍል ካልተሻገረች ግን ወሩ ይደገማል። በ2023 ሽራቫን የተባለው ወር ሁለቴ ስለተቆጠረ፣ በ2022 ኦክቶበር 24 የዋለው ዲዋሊ ወደ ኖቬምበር 12 ተገፋ።

ቁርጡን ለማወቅ ፓንቻንግ የተባለውን የቀን መቁጠሪያ ግለጡና ቲቲውን ፈልጉ። ቲቲ ማለት ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ ለመራቅ የሚፈጅባት ጊዜ ነው፤ እኩለ ቀንም ሆነ ሌሊት ሊጀምር ይችላል። ለብዙዎቹ በዓላት ፀሐይ ስትወጣ ያለው ቲቲ ይወስናል፤ ለዲዋሊ ግን የምሽቱን ተመልከቱ። ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ እኔ የምኖርበት ከተማ ሰዓት ካልተጻፈበት ፓንቻንግ አላምንም። በ2024 ጨረቃ አልባው ቲቲ ኦክቶበር 31 ከሰዓት በኋላ ገብቶ በማግስቱ ምሽት ስለወጣ፣ ገሚሱ ሐሙስ፣ ገሚሱ ዓርብ አከበረ።