ኤሌክትሮን ስናምቅ

በኤሌክትሮን ማፍጠኛችን ላይ የኤሌክትሮኖቹን ጥቅል እናምቃለን፤ ማለትም ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ርዝመቱን እናሳጥራለን። አዲስ የሚገቡ ልጆች የማታ ፈረቃ ላይ ሁሌም ይጠይቁኛል፦ «የኋለኞቹን ኤሌክትሮኖች ዝም ብለን ብናፈጥናቸውስ?» አይሆንም። ጉልበታቸው 250 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ከደረሰ ሁሉም የብርሃንን ፍጥነት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ጉልበት ብትጨምሩላቸውም ፍጥነታቸው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መንገዱን ነው የምንቀይረው።

የመም ሩጫ አስቡ። እኩል የሚሮጡ ሰዎች ኩርባ ላይ ሲደርሱ የውጪውን መም የያዘው ይረዝምበታል። እኛም የፊተኞቹን ወደ ውጪ፣ የኋለኞቹን ወደ ውስጥ እንልካለን።

ጥቅሉን በሚያፈጥነው የሬዲዮ ሞገድ ጫፍ ላይ አታሳፍሩት፤ ሞገዱ ገና ሽቅብ ሲወጣ ይግባ። ቀድሞ የደረሰው አነስ ያለ ጉልበት፣ የዘገየው ብዙ ያገኛል። ከዚያ አራት ማግኔቶች ጨረሩን ወደ ጎን አውጥተው ይመልሱታል። ደካማው በሰፊው ይዞራል፣ ብርቱው አቋርጦ ይደርስበታል።

አሁን ሒሳቡ። ጥቅሉ 1 ሚሊሜትር ይርዘም፤ ማግኔቶቹ ለ1 በመቶ የጉልበት ልዩነት 0.4 ሚሊሜትር ያቀራርቡ። ከፊት እስከ ኋላ ያለው ልዩነት 2 በመቶ ከሆነ 0.2 ሚሊሜትር ይቀራል፤ አምስት እጥፍ ታመቀ። 2.25 ካደረጋችሁት ግን አሥር እጥፍ! 2.5ን ካለፋችሁ የኋላው ፊተኛውን ቀድሞ ጥቅሉ ይገለበጣል፣ መልሶም ይረዝማል።

ይቺን በገዛ እጄ ነው የተማርኳት። ጥቅሉ ባጠረ ቁጥር የሚያወጣው ጨረራ ስለሚበረታ የጨረራ መለኪያችን ንባብ ይጨምራል። አንድ ሌሊት ንባቡ ወረደብኝ። «አልታመቀም» ብዬ ፌዙን (ጥቅሉ ሞገዱ ላይ የሚሳፈርበትን ቦታ) ገፋሁት። ባሰበት። ለካስ ጥቅሉ ከሁሉ በላይ የሚታመቅበትን ጫፍ አልፌው ነበር! ከጫፉ ግራም ቀኝም ንባቡ አንድ ነው፤ መለኪያው ብቻውን አይነግራችሁም። የጥቅሉን ጭንቅላትና ጅራት ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚገፋውን የማሽኑን ክፍል አብሩና ርዝመቱን ስክሪን ላይ በዓይናችሁ እዩት።

ሁሉንም በአንድ ቦታ ለማመቅ አትሞክሩ። ጥቅሉ ሲያጥር ኩርባው ላይ የራሱ ጨረራ መልሶ ይረብሸዋል። ካሊፎርኒያ ያለው ኤልሲኤልኤስ የተባለው ማሽን በ2009 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ የኤክስሬይ ሌዘሩን ሲያወጣ ያመቀው በሁለት ደረጃ ነው፤ ሃምቡርግ ያለው ተመሳሳይ ማሽን፣ የአውሮፓው ኤክስኤፍኤል፣ ሦስት አለው። የሬዲዮ ሞገዱ ጎባጣ ስለሆነ ደግሞ ማቃኛ ያስፈልጋል፤ ኤልሲኤልኤስ ያኔ ድግግሞሹ ከዋናው አራት እጥፍ በሆነ ሞገድ አቃናው።

እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፌዙን ከመንካቴ በፊት ከጫፉ በየትኛው በኩል እንዳለሁ የፈረቃው መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ።