ከወንዙ ዳር እስከ ድስቱ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለ እርሻና ስለ ምግብ ዘጋቢ ፊልም እንዴት ይሠራል?

ስለ እርሻ፣ ስለ ምግብና ስለ አካባቢ ጥበቃ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ያሰበ ሰው ካሜራ ከመዋሱ በፊት ፊልሙ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚከታተለውን አንድ ነገር መምረጥ አለበት። «የከተማ ግብርና» ወይም «የአካባቢ ብክለት» በሚል ርእስ የተነሣ ፊልም ብዙውን ጊዜ ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው በየተራ ሲናገሩ ከማሳየት አያልፍም፤ ተመልካቹም አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። አንድን የቆስጣ መደብ ከችግኙ እስከ ጉሊት፣ ከጉሊትም እስከ ድስት የተከተለ ፊልም ግን ስለ ውኃ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ደላላና ስለ ጤና የሚነሡትን ጥያቄዎች ሳይጠራቸው ያመጣቸዋል። በዚህ ጽሑፍም ምሳሌዬ ቆስጣ ነው። የወተት ላም ወይም የጤፍ ማሳ የመረጠ ሰው ቅደም ተከተሉን እንደ ርእሱ ያስተካክለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወንዙን ማወቅ ነው። ትልቁ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ተነሥተው ከተማዋን ካቋረጡ በኋላ ሁለቱም በደቡብ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የሚሰጡት የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች የሚገኙት በዚሁ ተፋሰስ የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ከመካኒሳ ጀምሮ ቁልቁል እስከ አቃቂ ድረስ ቆስጣው፣ ሰላጣውና ጎመኑ የሚጠጣው ግን የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውኃ ነው። ስለዚህ ቀረጻውን ከመደቡ ላይ አይጀምሩ። አንድ ቀን ወደ ላይ ወጥተው ገፈርሳ አካባቢ ያለውን ውኃ ይቅረጹ፤ በማግሥቱ መካኒሳ ወርደው፣ ድልድዩ ላይ ቆመው ወንዙን ይቅረጹት። እነዚህ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ገጽ ሙሉ የተራኪ ንባብ ያስቀራሉ።

የቀረጻውን ፕሮግራም የሚያወጣው እርሻው ነው። መስኖው የሚጧጧፈው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሞልቶ መደቦቹን የሚያጥለቀልቅባቸው ጊዜያት ስለሆኑ ለጎርፉ ቀረጻ ይቆዩ። ቆስጣ ከተዘራ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የውጭ የውጩ ቅጠል እየተቆረጠ መሸጥ ይጀምራል፤ ከመሐል እንደገና ስለሚያቆጠቁጥም ደጋግሞ ይቆረጣል። ይህ ለጀማሪ ፊልም ሠሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዛሬ ያመለጠውን ቆረጣ ሌላ ሳምንት ተመልሶ ያገኘዋል። ጤፍን የመረጠ ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ በሐምሌ የተዘራው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚታጨድ አጨዳው ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል። ጾሙንም አይርሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የአትክልት ፈላጊ ሲበዛ፣ የሱሉልታና የሆለታ ወተት አምራች ገዢ አጥቶ ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ ይለውጣል፤ ስለ ወተት ፊልም የሚሠራ ሰው ከእነዚህ ሳምንታት የተሻለ የታሪክ ማጠንጠኛ የሚያገኝ አይመስለኝም።

የመሬቱም ነገር ጊዜ አይሰጥም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደው የወንዝ ዳር ልማትና ከዚያ በኋላ የተከተሉት ሥራዎች የወንዙን ዳርቻ መልክ እየለወጡት ስለሆነ፣ ዘንድሮ መደብ የነበረው ቦታ ለከርሞ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ መርጠው፣ የትራይፖዱ እግሮች የሚያርፉበትን በሦስት ድንጋይ ምልክት አድርገው፣ በየሳምንቱ ከዚያው ነጥብ ላይ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። አድካሚ አይደለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ከሁሉም ቀረጻዎ የሚበልጥብዎት ያ ሊሆን ይችላል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የወረዳውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ከብዙ ንዝንዝ ያድናል። ነገር ግን ድንበሩን ይወቁ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል ሥር በሸገር ከተማ የተጠቃለሉ ስለሆኑ የአዲስ አበባ ወረዳ የጻፈው ደብዳቤ እዚያ አይሠራም። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ለነገሩ የቆስጣ ፊልም ድሮን አያስፈልገውም።

የጽሑፍ ፈቃድ መሬቱን እንጂ ሰውን አይከፍትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ጉብኝቶች ያለ ካሜራ ያድርጉ፤ ቢቻል ጧት መጥተው ቆስጣ በማሰር ያግዙ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው አርሶ አደር ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ በመሆኑ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ባልደረባ ይዞ ይሂድ፤ አባወራውን «ኦቦ»፣ እማወራዋን «አዴ» ብሎ መጥራት ብቻውን የንግግሩን መንፈስ ይለውጠዋል። ቃለ ምልልሱንም ሰውየው በሚቀናው ቋንቋ ያድርጉና ከሥር በአማርኛ ጽሑፍ ይተርጉሙ። በአማርኛ ካልተናገሩ ብሎ ማስገደድ ሰውየውን ከማሳው ባለቤትነት አውርዶ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ያደርገዋል።

ምስሉን ስናስብ፣ ሰፊው ማሳ ዓይን ይማርካል፤ ታሪኩ ያለው ግን ቅርብ ነው። ለቡ አካባቢ ወንዙ ዳር የቀረጽሁትን ላንሣ። የውኃ ሞተሩ መምጠጫ ቱቦ ጫፍ ላይ ቀይ ሽንኩርት የሚሸጥበት የመረብ ከረጢት በሲባጎ ታስሯል። ሞተሩ በተነሣ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ወጣት ጉልበቱ ድረስ ገብቶ መረቡ ላይ የተለጠፈውን ፌስታል፣ የሃይላንድ ክዳንና የልጅ ካልሲ እየላጠ ወደ ዳር ይጥላል፤ ውኃው ቦዩን ይዞ ሲሄድ ግራጫ አረፋው መደቡ ጥግ ላይ ይቀራል። አንድም ቃል የለበትም። ሁለት ደቂቃ ያህል ሳልቆርጥ ተውሁት፤ ስለ ብክለት የጻፍሁትን ትረካም ከዚያ በኋላ ሰረዝሁት። እርስዎም በየጉብኝቱ ቢያንስ አንድ እጅ፣ አንድ መሣሪያና አንድ የውኃ ጉዞ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሳያቋርጡ ይቅረጹ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ዐናት ላይ ትወጣለች፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥሩው ብርሃን ከጧቱ 12፡30 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10፡30 ጀምሮ ነው።

ከምስል ይበልጥ ፊልም የሚያበላሸው ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ፊልሜ አርባ ደቂቃ የሚሆን ቃለ ምልልስ በውኃ ሞተር ጩኸት ተውጦ ቀርቶብኛል፤ በቦታው ሳለሁ ጆሮዬ ሞተሩን ስለለመደው አልሰማሁትም፣ ማዳመጫም አልሰካሁም። አሁን ቦታው እንደ ደረስሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ሞተሩ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ነው። አንገትጌ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ይግዙ ወይም ይከራዩ፤ የንፋስ መከላከያ ስፖንጅዋን አይጣሉ፤ ሁልጊዜም ማዳመጫ ሰክተው ይቅረጹ። ከዚያ በተጨማሪ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት የቦታውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ፤ ሲያቀናብሩ የቃለ ምልልሱን ስፌት የሚሸፍነው እርሱ ነው። የማለዳው ቅዳሴ፣ የአዛኑ ጥሪና የባጃጁ ጡሩምባ ግን የቦታው መታወቂያ ስለሆኑ አይሽሿቸው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ደህና ስልክ፣ ትራይፖድ፣ ማይክ፣ ፓወር ባንክና በየማታው የሚገለበጥበት ሃርድ ዲስክ ይበቃል። አገራችን ያለው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ኩሽና ውስጥ በአምፖል ሲቀርጹ ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ላይ፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ደግሞ 1/50 ሰከንድ ላይ ቢያደርጉ ምስሉ አይርገበገብም።

ቆስጣው ታስሮ ከወጣ በኋላ አብረው ይሂዱ። በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ተነሥቶ በኋላ ወደ ሃይሌ ጋርመንት የተዛወረው አትክልት ተራ ጎህ ሳይቀድ የሚሠራ ገበያ ነው፤ ካሜራ የማይወድ ደላላም አይጠፋም። እዚያ ስልክዎን ዝቅ አድርገው እስሩን ራሱን ይከተሉ፤ በስንት ተገዝቶ በስንት እንደ ተሸጠ በየእጁ ይመዝግቡ። በዚያው ቀን ማታ ጉሊት ላይ የሸማቿን ዋጋ ሲጨምሩበት የዋጋው ጉዞ ያለ ባለሙያ ማብራሪያ ይነበባል።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚበቅሉ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እነዚህን ወደ ውስጡ የሚስብ በመሆኑ፣ ማጠብ ከላዩ ያለውን እንጂ ከውስጡ ያለውን አያወጣም። ይህን መደበቅ ተመልካቹን ማታለል ነው። ይሁን እንጂ የአንዲትን ሴት ፊት ካሳዩ በኋላ «መርዝ» የሚል ቃል ከተናገሩ፣ በማግሥቱ ገበያ የምታጣው እርሷ እንጂ ፍሳሹን የለቀቀው ወገን አይደለም። ስለዚህ ካሜራው ወደ ላይኛው ወንዝ ይመለስ፤ ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ጨው ውስጥ ያለ ብረት መሆኑን፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ያስረዱ። የማንንም ድርጅት ስም ያለ ሰነድ አይጥሩ። ገበሬዋንም ይህ ክፍል ፊልሙ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድመው ይንገሯት፤ ፊቷ እንዲታይ ካልፈለገች እጇ ይበቃል።

ቅንብሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ላክል። ሙዚቃ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ የመኮትኮቻው ድምፅ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ፊልሙን ከማውጣትዎ በፊት ለራሳቸው ለገበሬዎቹ ማሳየት ነው። እኔ ሞተር ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጠላ ወጥሬ፣ በተዋስሁት ፕሮጀክተር አሳይቼ ነበር። በትረካዬ «አረም ስታርም» ያልሁበት ቦታ ሲደርስ ሳቅ ሆነ፤ በምስሉ ላይ የምትታየው ሴት የምትነቅለው አረም ሳይሆን በዝተው የበቀሉ የቆስጣ ችግኞችን ነበር፣ ሥራውም ማሳሳት ይባላል። በማግሥቱ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቤ ቀረጽሁና የታረመውን ቅጂ በቴሌግራም ላክሁላቸው።