ስሟ በትክክል የማይታወቅ ትንሽ ከተማ ካርታ ላይ ለማግኘት

የአያት ወይም የእናት የትውልድ ቦታ ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ስሙን ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወደዚያ የሚሄደው መኪና ከየትኛው ከተማ መናኸሪያ ይነሳል? ገበያውስ በምን ቀን ይውላል? ከዚያ መናኸሪያው ያለበትን ከተማ ከፍታችሁ መንገዱን በጣታችሁ ተከተሉ፤ መንገድ ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የሚያውቁትን ስም ሲሰሙ ወዲያው ያስቆሟችኋል።

ስም ይቀየራል። ሀገረ ማርያም ቡሌ ሆራ፣ አሰበ ተፈሪ ጭሮ፣ ዝዋይ ባቱ ሆነዋል፤ አዛውንቶች የሚያነሱት ግን የድሮውን ነው። በገበያ ቀን የሚጠሩት ደግሞ ሞክሼ አያጡም፤ ሸዋ ሮቢት ሌላ፣ ቆቦ አጠገብ ያለው ሮቢት ሌላ። በላቲን ፊደል የምትፈልጉ ከሆነማ ጉዱ ይብሳል፦ «ቀ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፤ ሁለቱንም ሞክሩ። የመኪናው መስመር ግን እንደ ስሙ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም።

የንጉሡ ወይም የደርግ ዘመን ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለ «አውራጃ» የሚለውን እዩ። አውራጃው ዛሬ ባይኖርም ዋና ከተማው አብዛኛውን ጊዜ አለና ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።

ለፍርድ ቤት ወይም ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ ያገኛችሁትን ስም ዝም ብላችሁ ፎርም ላይ አትሙሉ፤ መጀመሪያ ከወረዳው አረጋግጡ።