ከዲሲ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ፦ ብቻችሁን የምትነዱት የሁለት ቀን መንገድ

ከዲሲ ወይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ኦሽን ሲቲ ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኞቻችንም የምናውቀው እንደዚያ ነው። ሰመር ላይ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ጢም ብሎ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ሩት 50ን ሽው አድርጎ ባህር ዳር መድረስና ማታውኑ መመለስ። እሱም ደስ ይላል። ግን በመሀል ሳናየው የምናልፈው አገር አለ፤ የሜሪላንድ ኢስተርን ሾር። በቆሎው፣ አኩሪ አተሩ፣ ወንዙ፣ ረግረጉ ከባህሩ አይተናነስም። እሱን ለማየት ደግሞ ለብቻ መሄድ ነው የሚሻለው። «መቼ ነው የምንደርሰው?» የሚል የለም። ደስ ያላችሁ ጋ ትቆማላችሁ፣ ያልጣማችሁን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ቀኑን ሙሉ ኡበር ሲነዳ የሚውል ሰው «ደግሞ በእረፍት ቀኔ ልንዳ?» ይል ይሆናል፤ ከኋላ ማንም ሳይቀመጥ መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሞክሩት።

መቼ ካላችሁ፣ መስከረም። ሌበር ዴይ ካለፈ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የሆቴሉ ዋጋ ይወርዳል፣ የውቅያኖሱ ውሃ ግን ሰመሩን ሲሞቅ ስለከረመ ገና አልቀዘቀዘም። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ውላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መሀል ሁለት ቀን ፈቃድ ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ትንበያውን እያያችሁ። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ዓርብ ከሰዓት መውጣት አይታሰብም፣ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ነው የምታመሹት።

ጎማና ዘይት እዩ፣ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ የት እንደምታድሩ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ካርታ ማውረዱን በቀላሉ አትዩት፤ ረግረጉ አካባቢ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ።

የመጀመሪያው ነገር የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የሚያሻግረው ቤይ ብሪጅ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ድልድይ ናቸው፣ አንዱ በ1952 ሌላው በ1973 የተከፈቱ፣ ርዝመታቸው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚከፈለው ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ብቻ ነው፣ ሲመለሱ የለም። ጥሬ ብር የሚቀበል ሰው ስለሌለ፣ ኢዚ ፓስ (መኪና ላይ የሚለጠፈው የመንገድ መክፈያ) ከሌላችሁ ታርጋችሁ ፎቶ ይነሳና ቢሉ ቤት ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ድልድዩ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ዳር የሚቆምበት ቦታም የለውም። ከፍታ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ወደ ውሃው ሳይሆን ፊታችሁ ወዳለው መኪና እያያችሁ ንዱ። አይሆንልኝም ለሚል፣ እየከፈለ መኪናውን ነድተው የሚያሻግሩት ሰዎች አሉ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራቸው ነው።

ከተሻገራችሁ በኋላ ኩዊንስታውን ጋ 301 ወደ ግራ ይገነጠላል፣ እናንተ 50ን ያዙ። ኢስተን ስትደርሱ ውጡና በ33 ወደ ሴንት ማይክልስ። ቆንጆ ከተማ ናት፣ የመርከብ ሙዚየም አላት፣ ግን ቱሪስት በዝቶባታል፤ ለእኔ ቡና ጠጥቶ መውጣት ይበቃል። በመጣችሁበት ትንሽ ተመለሱና ወደ ቤልቪው ታጠፉ። መንገዱ ውሃው ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በጀልባ ነው።

ይህ የኦክስፎርድና የቤልቪው ጀልባ በ1683 የተጀመረ ነው። ጥቂት መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። ሠራተኛው በእጁ እያሳያችሁ ከፊተኛው መኪና መከላከያ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ያስጠጋችኋል፣ ሞተር ታጠፋላችሁ፣ የእጅ ፍሬን ትስባላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትሬድ ኤቨን ወንዝ ላይ ትሄዳላችሁ። ዊንተር ላይ ስለማይሠራ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። ማዶ ኦክስፎርድ ናት፤ ትልልቅ ዛፍ፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶች፣ የቆሙ ጀልባዎች። መኪናውን አቁማችሁ በእግር ዙሯት። ከሴንት ማይክልስና ከእሷ ምረጥ ብትሉኝ ያለጥርጥር እሷን ነው። ከዚያ በ333 ወደ ኢስተን፣ ተመልሶ ወደ 50።

ቀጥሎ ቾፕታንክ የሚባለውን ሰፊ ወንዝ ተሻግራችሁ ኬምብሪጅ ትገባላችሁ። ነዳጅ እዚህ ሙሉ። ውሃም ግዙ፣ የትንኝ መከላከያም፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ሰዓት ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ቁረጡ እንጂ ይህን ከሰዓት አትንኩት።

ሃሪየት ተብማን የተወለደችው በዚህ ዶርቼስተር ካውንቲ፣ በ1822 ገደማ፣ በባርነት ነው። በ1849 አመለጠች። ዕድለኛ ነኝ ብላ ፊላደልፊያ አልተቀመጠችም፤ 13 ጊዜ ያህል እየተመላለሰች 70 የሚሆኑ ሰዎችን ይዛ ወጣች። ቸርች ክሪክ ላይ በ2017 የተከፈተ ስለ እሷ የሚያሳይ ማዕከል አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ የሚከፈትበትን ቀን ግን አረጋግጣችሁ ሂዱ። እውነቱን ለመናገር ከሕንፃው ይልቅ ውጪው ነው የሚያስተምረው። ልጅ ሆና እዚህ ረግረግ ውስጥ በብርድ ወራት ውሃ ውስጥ እየገባች የአይጥ ዘር የሆነ እንስሳ ወጥመድ እንድትፈትሽ ትላክ ነበር። መኪናችሁን አቁማችሁ ያንን ጭቃና ቄጠማ ስታዩት፣ ሰው ይዞ በሌሊት በዚህ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

ብላክወተር የሚባለው የዱር እንስሳት መጠለያ አጠገቡ ነው። በ1933 የተከለለ ነው። ለመኪና የተሠራ 6 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት አለው፣ ለአንድ መኪና 3 ዶላር ነው። በእርጋታ ንዱ። ወፎቹ መኪና አይፈሩም፣ በር ሲከፈት ነው የሚበሩት፤ ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ቁጭ በሉ። ቆመው የደረቁት የጥድ ዛፎች ላይ ነጭ ራስ ያለው ንስር ታያላችሁ። ዛፎቹን ያደረቃቸው ጨዋማው ውሃ ነው፤ ባሕሩ እየገፋ ነው። በዚሁ ምክንያት አንዳንዱ የገጠር መንገድ ውሃው ሲሞላ ይሸፈናል። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትግቡበት፤ ጥልቀቱ አይታይም፣ ጨው ደግሞ የመኪናውን ሆድ ይበላል። አዙራችሁ ተመለሱ።

ሲመሽ አጋዘን መንገድ ላይ ስለሚወጣ ከጨለመ በኋላ ብዙ አትንዱ። ኬምብሪጅ ማደር ይቻላል፤ በብርሃን ከደረሳችሁ ግን በርሊን የምትባለው ትንሽ ከተማ ለነገው ትቀርባለች። ፍጥነትም ጠብቁ፣ ከተማ ስትገቡ ገደቡ በአንዴ ነው የሚወርደው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሱና በ611 አሳቲግ ደሴት ግቡ። የስቴቱና የፌዴራሉ ፓርክ ጎን ለጎን ናቸው፣ ክፍያቸው ግን ለየብቻ ነው። የፌዴራሉ 25 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ያገለግላል። ፀሐይ ከውቅያኖሱ ስትወጣ ካያችሁ በኋላ ፈረሶቹን ፈልጉ። ባለቤት የላቸውም፣ አሸዋው ላይ እንደልባቸው ነው የሚሄዱት። ሆዳቸው ተነፍቶ ስታዩ እርጉዝ እንዳይመስሏችሁ፤ የሚግጡት ሣር ጨዋማ ስለሆነ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ። ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉ፤ ቢያንስ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ራቁ። ምግብ አትስጡ፣ ምግብም ውጪ አትተዉ፣ ኩለር መክፈት ያውቁበታል።

ብቻችሁን ናችሁና ጠባቂ በሌለበት አትዋኙ። ውሃው ወደ ውስጥ ከሳባችሁ ተጋፍታችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፣ ከባህር ዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኙና ከጉተታው ስትወጡ ተመለሱ። መኪናውንም አሸዋ ላይ አታውጡ፤ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል።

ምግብ ላይ፣ አገሩ በሸርጣን ነው የሚታወቀው። ከእኛ መሀል ሸርጣን የማይበላ ብዙ ሰው አለና ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። መንገድ ዳር በቆሎ፣ ኮክ፣ ቲማቲም ይሸጣል፤ አንዳንዱ ጋ ሻጭ እንኳ የለም፣ ሳጥን ነው ያለው፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ረቡዕ ወይ ዓርብ ጾም ከሆናችሁ ኦሽን ሲቲ ቦርድዎክ ላይ ትራሸርስ ጋ ድንች ጥብስ ብሉ። ከ1929 ጀምሮ አሉ፣ በለውዝ ዘይት ነው የሚጠብሱት፣ ጨውና ኮምጣጤ እንጂ ካቻፕ አይሰጡም። ካቻፕ የምትወዱ ከቤት ያዙ።

ከኦሽን ሲቲ ስትወጡ «ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3073 ማይል» የሚል ምልክት አለ፣ ሩት 50 እውነትም እዚያ ድረስ ይሄዳል። እናንተ ግን ቤት ነው የምትገቡት፤ ቀኑ እሁድ ከሆነ ወይ ከምሳ በፊት ድልድዩን አልፉ፣ ወይ ኢስተን እራት በልታችሁ ሰልፉ ሲቀንስ ተነሱ።